መልእክትዎን በታላቅ ደስታ አንብበነዋል

ሰው በገዛ ጽሑፉ ሲቀጣ ያላያችሁ ካላችሁ ኑና የዚችን ልጅ ጉድ ስሙ። ልጅ ስላችሁ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራዋ በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የምሩቃን ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ዓመታዊ ሪፖርትና ደብዳቤ ማዘጋጀት ነው። ዩኒቨርሲቲው በዓመቱ ስንት ተማሪ እንዳስመረቀ፣ ምን እንዳሳተመ፣ ምን እንደገነባ አሳምራ ትጽፍና ድሮ እዚያ ለተማሩት ሁሉ ትልካለች። እነሱም አንብበው ሆዳቸው ይባባና እጃቸውን ይዘረጋሉ። ስጦታው ሲመጣ ደግሞ አመስግና ትጽፋለች። ተማሪ ሳለች ቅጽል ስሟ «ሰረዝ» ነበር፤ የሰው ጽሑፍ እጇ ከገባ ሳትሰርዝ አትመልስማ። ስሙን ያወጣላት አንድ ወንድ ነው። ነገሩም ሁሉ ከሱ ጋር ነው።

ሰኞ ጠዋት ነው። የምሩቃን ቀን ሊከበር አምስት ቀን ቀርቷል። ሰረዝ ሪፖርቱን ጨርሳ እፎይ ልትል ስትል የቢሮው ኃላፊ በር ላይ ብቅ አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ጥፋታቸው ሐሳብ የሚመጣላቸው ሁልጊዜ ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

«ቆንጆ ነው፤ እጅሽን ይባርከው፤» አሉ። «ግን ቁጥር በዛበት። ይህን ያህል ምሩቅ፣ ይህን ያህል ቤተ ሙከራ፣ ይህን ያህል ወንበር... ሰው ለወንበር አያለቅስም። የለጋሾችን የራሳቸውን ቃል የሚያሳይ አንድ ገጽ ጨምሪበት እስቲ።»

«ከየት ላምጣው? ማተሚያ ቤት የሚገባው እኮ ነገ ነው!»

«መዝገብ ቤት፣ እትዬ ጋ ካርቶን ሙሉ አለ አይደል? ደግሞ ቅዳሜ መድረክ ላይ ሪፖርቱን አንቺው ታነቢዋለሽ። እኔ እንደሆንኩ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል።»

ይህን ብለው ሻያቸውን ይዘው ሄዱ።

የካርቶኑን ነገር ላስረዳችሁ። የስጦታ ቅጹ ሁለት ክፍል አለው። ከላይ የሰጪው ስም፣ አድራሻና ስጦታው ለምን እንዲውል እንደሚፈልግ ይሞላል። ከታች «መልእክት ካለዎት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ድሮ ቅጹ እንዳለ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት የምስጋናው ደብዳቤ ሦስትና አራት ወር ይዘገይ ነበር። ሰረዝ ሥራ በጀመረች ሰሞን መላ አመጣች። ቅጹ መሃሉ ላይ ይቀደድ፤ ላይኛው ወደ እኔ ይምጣ፣ ታችኛው መዝገብ ቤት ይቀመጥና ሲመች ይነበብ፤ ደብዳቤው ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ፊርማዬም ከኮምፒውተር ይውጣ አለች። ለጋሹ ቅር እንዳይለው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አደረገችበት፤ «መልእክትዎን በታላቅ ደስታ አንብበነዋል።» ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው በሦስት ቀን ይወጣል። ተጨበጨበላት፤ እድገትም አገኘችበት። የሚመች ጊዜ ግን በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልመጣም።

ወደ መዝገብ ቤቱ መውረድ አልወደደችም። ምክንያት ነበራት።

ያ ስም ያወጣላት ልጅ ምህንድስና ተማሪ ነበር። ያገኘው ወረቀት ላይ ሁሉ ድልድይ ስለሚስል ጓደኞቹ «ድልድይ» ይሉታል። እናቱ የተማሪዎች መኝታ ክፍሎች ልብስ አጣቢ ነበሩ። የሰረዝ አባት ደግሞ ዲን። የዲኑ ቤት አንሶላ ሳይቀር በየሳምንቱ በልጁ እናት እጅ ያልፍ ነበር። ድልድይ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለሷ ብቻ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ በተሰጣበት ጓሮ ተቀምጠው ነገራት። እጇንም የያዘው ያን ቀን ነው። አፉ የማያርፍ ቀልደኛ ልጅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እሷ ምን አደረገች? የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆና የዩኒቨርሲቲው ዓመታዊ መጽሔት ላይ ትሠራ ነበርና ታሪኩን ጻፈችው! በክፋት አይደለም። በምሩቃን ስጦታ የሚማሩ ልጆች ምን ያህል ጎበዞች እንደሆኑ ሰው ይወቅ ብላ፣ ደግሞ ስለምትወደው ዓለም ሁሉ ይውደደው ብላ ነው። የእናቱን በበረኪና የተላጠ እጅ ፎቶ አስነስታ አወጣችው። ጽሑፉ ተወደደ። ስጦታ ጎረፈ። አባቷ እንኳ ግንባሯን ሳሟት። በሳምንቱ አንዲት የተማሪ እናት አሮጌ ልብስ በፌስታል ቋጥረው ማጠቢያ ቤቱ ድረስ መጡና ለእናቱ ሰጧቸው፤ ልጁም ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ አየ።

ድልድይ መጥቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት። «ማንን አስፈቅደሽ ነው?»

ተመርቆ ሲሄድም ዞር ብሎ አላያትም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ስሙ የለጋሾች ዝርዝር ውስጥ ብቅ አለ። ትንሽ ስጦታ ናት፤ ከስሙ ጎን «ለልብስ ማጠቢያ ቤቱ» የሚል ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አላጓደለም። ሰረዝ በየዓመቱ ያን ስም ስታይ ልቧ ድው ይላል። ለዩኒቨርሲቲው ይሰጣል፤ ለኔ ግን አንዲት ቃል የለውም ትላለች። ታችኛውን ወረቀት ልየው ብላ ሁለት ጊዜ እስከ መዝገብ ቤቱ በር ደርሳ ተመልሳለች። ባዶ ቢሆንስ? ባዶነቱን ከማየት አለማየት ይሻላል ብላ። እሷም በበኩሏ በየዓመቱ ሪፖርት ማጠቢያ ቤቱን ከፊት ታስቀምጠው ነበር፤ ያነበዋል፣ ይገባዋል ብላ። ሌሎች ምሩቃን እያነበቡ ተከተሉት። ዘንድሮ ማጠቢያ ቤቱ ተሠርቶ አልቋል። የዓመቱ ትልቅ ክንውን ተብሎ ቅዳሜ ይመረቃል።

እትዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካርቶኑን አወረዱላት። ሥርዓት የሚወዱ ሴት ናቸው፤ የያንዳንዱን ለጋሽ ወረቀት ለብቻ በክር አስረውታል።

«አጠር አጠር ያለውን ምረጪ፤» አሏት። «ይሄኛው ልጅ ለምሳሌ አይሆንሽም፤ ሁሌ ረጅም ነው የሚጽፈው። ጀርባውን ሁሉ ይሞላዋል።»

ያሳዩዋትን እሽግ አየች። ማዕዘኑ የተለካ የሚመስል የመሐንዲስ ጽሕፈት ነው። ክው አለች።

«እትዬ... አንብበውት ያውቃሉ?»

«እኔ? የሰው ደብዳቤ? ልጄ፣ እኔ ያሳደገኝ ሰው አለ!» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ፊቷን አዩና ድምፃቸው ቀነሰ። «አንቺ አንብበሽዋል ብዬ እኮ ነው። ደብዳቤሽ ላይ 'አንብበነዋል' ትዪ የለ?»

ሰረዝ መደርደሪያው ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ክሩን ፈታችው።

«ለሰረዝ፤» ይላል የመጀመሪያው። «ይህ ወረቀት በአንቺ እጅ እንደሚያልፍ ሰው ነገረኝ። ከላይ ያለው ለዩኒቨርሲቲው ነው፤ ይሄኛው ግን ላንቺ ነው። ሦስት ዓመት አኮረፍኩሽ። ለማኩረፍም ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ የነበረኝን ጨርሻለሁ። ናፍቀሽኛል። አድራሻዬ ከላይ አለ። አንድ መስመር ይበቃኛል።»

ሁለተኛው በዓመቱ የተጻፈ ነው። «ደብዳቤሽ ደረሰኝ። 'መልእክትዎን በታላቅ ደስታ አንብበነዋል' አልሽኝ። ደስ ካለሽ ደስ ይበለኝ፤ ግን 'እርስዎ' ምን የሚሉት ነገር ነው? አለቃሽ አጠገብሽ ቆሞ ነው እንዴ የምትጽፊው? ከሆነ በሆነ ነገር ጠቁሚኝ፤ ይገባኛል። ደብዳቤውን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አይቼዋለሁ። ምንም የለውም።»

በሦስተኛው ስለሠራው ድልድይ ይተርካል። አንዲት አሮጊት «አንተ ቀድመህ ካልተሻገርክ አልሻገርም» ብለውት እጃቸውን ይዞ ሦስት ጊዜ አመላልሷቸዋል። በመጨረሻ «አሁን ገና አመንኩህ፤ ግን እዚያ ማዶ ጉዳይ የለኝም» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰረዝ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ይህ ሳቅ አምስት ዓመት ያለፈበት መሆኑ ትዝ አላትና አፏን በእጇ ያዘች።

አራተኛው ላይ ጽሕፈቱ ማዕዘኑን ስቷል።

«ሰረዝ፣ እማዬ አረፈች። ሕመሟ ከሳምንት አላለፈም። ዕቃዋን ሳወጣ ከፍራሿ ሥር ያን መጽሔት አገኘሁት፤ በላስቲክ ጠቅልላዋለች። ጎረቤቶቿ እንደነገሩኝ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያወጣች ታሳይ ነበር አሉ። 'የዲኑ ልጅ ናት የጻፈችልኝ' ትል ነበር አሉ። ለኔ ግን አንድም ቀን አላሳየችኝም፤ እንዳልናደድባት። እኔ ያፈርኩበትን እሷ ኮርታበት ነበር። ለካ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። እባክሽ ለዚህኛው እንኳ በእጅሽ መልሺልኝ።»

በሦስተኛው ቀን የሄደለትን መልስ ሰረዝ ታውቀዋለች። እናቱ ሞተው የጻፈላትን በታላቅ ደስታ አንብበነዋል ብላዋለች። ፊርማዋም ከሥሩ አለ።

«ወይ ነዶ!» አለች ጮክ ብላ። «ወይ ነዶ! ምነው እጄን በቆረጠው!»

እትዬ ወንበራቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት፣ የሌለ ሥራ ሠሩ። እሷም አለቀሰች፤ አንጀቷ እስኪርስ አይደለም፣ እስኪደርቅ።

አምስተኛው አጭር ነው። ስድስተኛው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ደህና ነሽ?»

ሰባተኛው ያምናው ነው።

«ሰረዝ፣ ይህ የመጨረሻዬ ነው። ተቆጥቼ አይደለም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ቀያሽ አለች፤ ጥሩ ሰው ናት። እኔ ዝም ስል ዝምታዬን አትጠላውም። ቤት እንሥራ ብላኛለች። ለሷ መልስ ከመስጠቴ በፊት አንቺን መጠየቅ አለብኝ። 'ቆይ' ካልሽኝ እቆያለሁ፤ ሌላ ምንም አትጻፊ፣ ያችን አንዲት ቃል ብቻ። የለመድኩት ደብዳቤ ከመጣ ግን ገባኝ ማለት ነው፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም።»

አምና ደብዳቤዎቹ በሁለት ቀን ተኩል ነበር የወጡት። ኃላፊው ለቢሮው ሁሉ ኬክ ገዝተው ነበር።

ሰረዝ ተነስታ ወደ ቢሮዋ ሮጠች። ስልኩ ከላይኛው ወረቀት ላይ አለ፤ አሁኑኑ ትደውላለች፤ ታስረዳዋለች፤ ሰው ስህተት ይሠራል፤ ሰው ደግሞ ይቅር ይባላል! የዘንድሮውን ቅጽ ከፋይሉ መዘዘችው። ስም በሚለው ቦታ ሁለት ስም ተጽፏል። የቅዳሜው መጥሪያ ላይ ደግሞ «ከባለቤቴ ጋር እገኛለሁ» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። ተጋብተው ስድስት ወር ሆኗቸዋል።

የዘንድሮው ቅጽ ታችኛው ክፍል ገና አልተቀደደም። ባዶ ነው።

ስልኩን አስቀመጠች። እትዬ የረሳችውን መሐረብ ይዘውላት መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እትዬ፣ እንዳላነበብኩት ልንገረው አይደል? ማወቅ አለበት እኮ!»

«ለማን ብለሽ?» አሏት እትዬ። መሐረቡን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ገጹን በሌሎች ለጋሾች አጫጭር ቃል ሞልታ ማተሚያ ቤት ላከች፤ ጥያቄው ግን አምስቱን ቀን ሙሉ እንቅልፍ ነሳት።

ቅዳሜ ጠዋት የአዲሱ ማጠቢያ ቤት በር ላይ ሪባን ታስሯል። ውስጡ ሰፊ ነው፤ መስኮቱ ትልቅ፤ ግድግዳውን ተከትለው የተደረደሩት ማሽኖች ለማሳያ ተከፍተው እያጉረመረሙ ነው። የልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች በአዲስ ሽርጥ ተሰልፈው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። ለዓመታት በበረኪና የነደደ እጅ ሥራ ሲፈታ ግራ ይገባዋል።

ሰረዝ ከሩቅ አየችው። ወፍሯል። ጸጉሩ ከጆሮው በላይ ትንሽ ትንሽ ሸብቷል። ዓይኑ ሲያገኛት እሱም ቆመ፤ እሷም ቆመች። ያን አፍታ ከመካከላቸው የሚያልፈው ሰው ሁሉ አልታያትም።

መጀመሪያ የመጣችው ሚስቱ ናት። ክብ ፊት ያላት፣ ፈገግታዋ የማይነጥፍ ሴት ናት።

«አብራችሁ ተምራችኋል አሉ! እስቲ ይንገሩኝ፣ ድሮም እንዲህ ዝምተኛ ነበር?»

«ድሮማ አፉ አያርፍም ነበር።»

«ውሸት! የኔ ባል?» ብላ ሳቀች። «እንግዲህ ቀልዱን ሁሉ እዚሁ ጥሎት ነው የመጣልኝ።» ከዚያ ማሽኑን ለማየት ወደ ሴቶቹ ሄደች። ወዲያው እጅጌዋን ሰብስባ እየጠየቀች፣ እየሳቀች፣ ካንዷ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተያያዘች። ሰረዝ እንድትጠላት ምንም ምክንያት አልሰጠቻትም።

ሁለቱ መስኮቱ ሥር ቀሩ።

«እንደምን አሉ?» አለ ድልድይ።

«እርስዎ አትበለኝ።»

«ሰባት ዓመት ስባል ለምጄው ነው፤» አለ። ሊቀልድ ነበር የፈለገው፤ ቀልዱ አፉ ውስጥ ደረቀ። ዙሪያውን አየ። «ያምራል። እማዬ ብታየው... በየዓመቱ ሪፖርቱ ላይ ከፊት ስታስቀምጪው አይ ነበር። ግራ ይገባኝ ነበር። ለሕንፃው እንዲህ የምትሳሺ ሆነሽ...» አልጨረሰውም።

ሰረዝ የማትዘገይበት አንድ ነገር እንዳለ አወቀች። የቀረው ሁሉ ይቅር፤ ይሄ ግን አይቀርም።

«እማማን ነፍስ ይማርልኝ፤» አለችው። «አራት ዓመት ዘግይቻለሁ። ያኔውኑ መጥቼ አብሬህ መቀመጥ ነበረብኝ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«እሷን ቃል ነበር የምጠብቀው፤» አለ። «ከሌላው ሁሉ እሷን። አንብበሽዋል ማለት ነዋ! አንብበሽ ታዲያ እንዴት...» ራሱን ያዘ። «ተይው። አልፏል።»

አሁን ነው። ምላሷ ላይ ነው ያለው። አላነበብኩትም፤ ሰኞ ነው ያየሁት፤ አምና ብደርስ ኖሮ በጭንቅላቴ ቆሜ «ቆይ» እልህ ነበር! ይህን ብትል ልቧ ቀለል እንደሚላት ታውቃለች። ትናገርና ታለቅሳለች፤ እሱም ያለቅሳል፤ እሷ ነጻ ትወጣለች። እሱ ግን ይህን ተሸክሞ ከዚያች ሳቂታ ሴት ጋር ወደ ቤቱ ይገባል። አንድ ጊዜ የሱን ነገር ሳታስፈቅድ ለዓለም አውርታበታለች፤ ለበጎ ብላ።

«ስለ ደብዳቤዎቹ የማታውቀው አንድ ነገር አለ፤» አለች። «ብነግርህ እኔን ይቀለኛል። አንተን ግን የሚከብድህ ይመስለኛል። ያኔ ሳላስፈቅድህ ጽፌብህ ያየነውን አይተናል። ዛሬ አስፈቅድሃለሁ። ልናገር ወይስ ይቅር?»

ድልድይ ፊቱን ወደ ሴቶቹ መለሰ። ማሽኖቹ ይዞራሉ። ሚስቱ ከወዲያ ሆና እጇን አወዛወዘችለት፤ እሱም አወዛወዘላት።

«የሚያስደስት ነገር ነው?» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከሚስቱ ሳያነሳ።

«አምና ቢሆን ያስደስት ነበር።»

እጁ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። አንድ ጊዜ ወደሷ ዞረ። የዱሮው ልጅ፣ ጓሮ ተቀምጦ ድምፁ የሚንቀጠቀጠው ልጅ፣ በዚያ በወፈረ ፊት ውስጥ ብቅ ብሎ አያት። ሊጠይቃት አፉን ከፈተ። ሰረዝም ጠይቀኝ፣ በእናትህ ጠይቀኝ እያለች በልቧ ለመነችው።

«ይቅር፤» አለ።

«እሺ።»

«አልፈለገችኝም ብዬ ነው ቤት የሠራሁት፤ ሰረዝ። መሠረቱን አትነካኪብኝ።»

«እሺ፤» አለች ደግማ። «አልነካውም።»

ስሟን የጠራው ከአስር ዓመት በኋላ ነው፤ የጠራው ደግሞ በሩን ለመዝጋት ነው። ሄደ። ሚስቱ ጋ ሲደርስ እጇን ያዘ፤ ሴትዮዋም በድንገቱ ተገርማ ቀና ብላ አየችው። ሰረዝ ልቧ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ እየመረቃቸው ግማሹ እየጮኸባት፣ መስኮቱ ሥር ቆማ ቀረች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊት ወንበሮች ላይ ሽማግሌ ምሩቃን ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ወጣቶቹ ይንሾካሾካሉ። ኃላፊው ወረቀቱን አቀበሏትና «አይዞሽ፤ ረጋ ብለሽ» አሏት፤ ራሳቸው ግን ያልባቸው ነበር።

ሰረዝ ማነጋገሪያውን አስተካከለች። እነ ድልድይ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው።

«በዘንድሮው ዓመት፤» ብላ ጀመረች፣ «ዩኒቨርሲቲያችን በታሪኩ ከፍተኛ የሆነውን የተማሪ ቁጥር አስመርቋል።» ተጨበጨበ። ቤተ ሙከራውን አነበበች፤ የታተሙትን ጥናቶች አነበበች፤ በምሩቃን ስጦታ ክፍያቸው ተሸፍኖ የተማሩትን ልጆች አነበበች። ድምፅዋ ደህና ነበር። ወረቀቱን ገለጠች።

«ከሁሉም በላይ የምንኮራበት ክንውን አዲሱ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ይህ ሥራ የተጀመረው በአንድ ምሩቅ ትንሽ ስጦታ ነው። ያ ሰው በየዓመቱ...»

ሰኞ፣ ካርቶኑን ከመክፈቷ በፊት፣ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ከፊቷ ተዘርግቷል። «ያ ሰው በየዓመቱ ሳያሰልስ፣ መልስ ሳይጠብቅ ሰጥቷል» ይላል። መልስ ሳይጠብቅ! ብርቱ ብርቱ ጽሑፍ ስትሰርዝ የኖረች ሴት ይህቺን ሳትሰርዛት ቀርታለች። ሦስት መቶ ሰው እያያት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ልትጠርገው እጇን አነሳች፤ ወረቀቱ ወደቀ።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱና ማጨብጨብ ጀመሩ። ሌላው ተነሳ፤ ሌላው ተከተለ፤ ሁሉም ቆመ። «እንዲህ ነው መውደድ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። «ለትምህርት ቤቱ እንዲህ የሚያለቅስ ሠራተኛ የት ይገኛል?» ኃላፊው እንባቸው መጥቶ መሐረብ ፈለጉ። የስጦታ ቅጽ የያዙት ልጆች ጠረጴዛ ላይ ሰው ከወዲሁ መሰለፍ ጀመረ። በዚያ ቀን የተሞላው ቅጽ የሦስት ዓመት ያህል ነበር።

ሰረዝ እያለቀሰች እጅ ነሳች። ምን ታድርግ? ለዩኒቨርሲቲው አይደለም ብላ ለማን ትናገር!

ሚስቱም ቆማ ታጨበጭባለች፤ ዓይኗ እርጥብ ብሏል፤ ወደ ባሏ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ትለዋለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያልተነሳው እሱ ብቻ ነው። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አትንገሪኝ ያላትን ሳትነግረው ገብቶታል።